ለአረጋውያን ድርሰት ስፍራ ይሰጠው

ለሰሜን ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣
ለደባርቅና ለዳባት ወረዳዎች የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣
ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፣
በስሜን ተራሮች ግርጌ ለምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ።

ጉዳዩ፦ አረጋውያን በኪነ ጥበብ ሥራ ደራሲያንና መምህራን ሆነው እንዲሰለፉ ስለ መጠየቅ

ክቡራን ሆይ፤

በኃላፊነት የተቀመጠ ሰው ጊዜውን ብዙ አቤቱታ እንደሚሻማበት ስለማውቅ የደብዳቤዬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ አቀርባለሁ። የምለምናችሁ፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖሩ አረጋውያን ዛሬም አዲስ ግጥም የሚገጥሙ፣ አዲስ ዜማ የሚያወጡ፣ በስፌትና በሽመና አዲስ መልክ የሚፈጥሩ የጥበብ ባለቤቶች መሆናቸው ታውቆ፣ ለዚህ ሥራቸው ስፍራ፣ መሣሪያ፣ አድማጭና ተገቢ ዋጋ እንዲመደብላቸው ነው።

ለአረጋውያን ያሳየነው ክብር የለም ማለቴ አይደለም። በስብሰባ የፊት ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ ነገሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ምርቃት ይጠየቃሉ፤ ጠብ ሲነሣ ለዕርቅ ይጠራሉ፤ በበዓል ቀንም ጋቢ ይደረብላቸዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ መቅረጸ ድምፅ የያዘ ተመራማሪ ይመጣና የድሮውን ሽለላ፣ የድሮውን የሰርግ ዘፈን አስብሎ፣ ቀድቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አረጋዊውን የሚያየው እንደ ጎተራ ነውና፣ ቀድሞ የገባውን እህል ይጠይቀዋል እንጂ፣ ዛሬም ሊያርስና ሊዘራ የሚችል ክንድ እንዳለው አያስብም። አንድ ሰው በ60 ዓመቱ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲሰናበት፣ ገበሬውም ሞፈሩን ለልጁ ሲያስረክብ፣ ሐሳብ የማመንጨትና ውበት የመፍጠር ኀይሉ ከእርሱ ጋር አብሮ የተሰናበተ ይመስለናል። እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጸምሁ ሰው፣ ይህ ግምት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ለአገራችን ልማድም ባዕድ መሆኑን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅኔ በየማኅሌቱ አዲስ ሆኖ ይቀርባል፤ ትናንት የተሰማውን ዛሬ እንደ ራሱ ድርሰት አድርጎ የሚያሰማ ሰው በሊቃውንት ፊት ያፍራል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሥላሴና በዘይእዜ በኩል አልፎ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር የደረሰ መምህር፣ ጠጉሩ ነጥቷልና ከእንግዲህ ዝም ይበል የሚል ቀኖና ከቶ አልተሠራም። እንዲያውም መቋሚያውን ተደግፎ የሚነሣው አዛውንት፣ በዕለቱ በዓልና በዘመኑ ጉዳይ ላይ የሚያቀርበውን አዲስ ቅኔ ደቀ መዛሙርቱ ጆሯቸውን አቅንተው ይጠብቁታል፤ ሰምና ወርቁን ይለያሉ፤ ያልጠበቁት ምሥጢር ሲገለጥላቸውም ደስታቸውን በግልጽ ያሰማሉ። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ሴት ሆነው፣ ዓይነ ሥውር ሆነው፣ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሽምግልናና የፈጠራ ጋብቻ ከውጭ የምንዋሰው ሐሳብ ሳይሆን፣ በደብሮቻችን ዐውደ ምሕረት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ እኔም የምጠይቀው በዓለማዊው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይኸው ልማድ እንዲታወቅና እንዲሠራበት ነው።

ስሜንም ራሱ የዚህ ነገር ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት ስልቶች ያቆመልን፣ ድጓውንም የደረሰልን ቅዱስ ያሬድ፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በንጉሡ ፊት በተመስጦ ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሕመሙ አልተሰማውም ነበር፤ ንጉሡም ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ባለው ጊዜ፣ ያሬድ የጠየቀው ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ምናኔ መሄድን ሆነ። የሄደውም ወደ ስሜን ነው፤ እያመሰገነና ደቀ መዛሙርት እያስተማረ የሕይወቱን የመጨረሻ ዘመን በዚህ ተራራ እንዳሳለፈ ትውፊታችን ይናገራል። የኢትዮጵያ ዜማ አባት የዕድሜውን ማምሻ ለዚህ አገር ከሰጠ፣ በዕድሜያቸው ማምሻ ላይ ያሉትን የዚህን አገር ባለ ጸጋዎች ከማኅበራዊ ኑሮ ዳር ማስቀመጥ ለስሜን ከማንም ይልቅ ነውር ይሆንበታል።

ከደብር ውጭ ያለው ሀብትም ያነሰ አይደለም። ስንደዶውንና አክርማውን በወቅቱ ለቅማ፣ አለላውን በቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች ሰፌድና መሶብ የምትሰፋ እናት፣ የምትከተለው ንድፍ በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ ቀለሙ ከቀለሙ የሚገናኝበትን ስሌት በአእምሮዋ ይዛ፣ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ውሳኔ ትሰጣለች። በደጋው ብርድ የሚለበሰውን ባና ለመሥራት የበግ ጠጉር የሚያባዝቱና የሚፈትሉ እጆች፣ ሸምበቆ መርጠው ዋሽንት የሚበሱ የቀድሞ እረኞች፣ የመሲንቆ ጭራ የሚወጥሩ፣ የበገናን 10 አውታሮች የሚቃኙ አባቶች፣ በወንፈልና በደቦ የዘፈን አውራጅ የነበሩ አዛውንት፣ በመስጊድና በቤት መንዙማ የሚያወጡ የእስልምና ሊቃውንት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጣልያን በወልቅፊት ምሽግ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን አርበኛው ያቅራራው ቀረርቶና የፎከረው ፉከራም በልጆቹ ዘንድ አልጠፋም፤ እነዚያ ልጆች ግን ዛሬ ራሳቸው አረጋውያን ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የሙሾ አውራጅ እናቶች ጥበብ ነው። አንዲት አልቃሽ በለቅሶው ቦታ ቆማ፣ የሟቹን ሥራ፣ የዘመዶቹን ሁኔታና የአካባቢውን ታሪክ በአንድ ጊዜ አሰናስላ፣ ሚዛኑን ሳታጓድል፣ ቤቱን ሳትስት፣ እዚያው ላይ ግጥም ታወርዳለች፤ ይህን የሚችል ሰው ባለቅኔ ካልተባለ ባለቅኔ የሚባል የለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ በዚያ ወቅት በነበረው ጦርነትም ብዙ ወገኖቻችን ተፈናቅለው ደባርቅ በተጠለሉ ጊዜ፣ የደረሰውን ሐዘን ዜናው በቍጥር ነገረን፤ የሐዘኑን ጥልቀት በቃል ሊሸከም የሚችለው ግን ይህ የእናቶች ጥበብ ነው። እነዚህ እናቶች በቀበሌ መዝገብ ዕድሜያቸውና የቤተሰባቸው ብዛት ይጻፋል፤ ሙያቸው በተጠየቀ ጊዜ ግን «የቤት እመቤት» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ሀብት የሚጎዳበት ምክንያት የወጣቱ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ጥበቡን የሚያስተናግደው ሥራና ስብሰባ ስለ ተለወጠ ነው። የድንጋይ ወፍጮ ቦታውን ለሞተር ወፍጮ በለቀቀ ጊዜ፣ እናቶች ሌሊት እየፈጩ ያንጎራጉሩት የነበረው ግጥም ማደሪያ አጣ፤ የወፍጮው ድካም መቅረቱ ደግ ነው፣ ለእንጉርጉሮው ግን ሌላ ማደሪያ አላበጀንለትም። በሰርግ ቤት የድምፅ ማጉያው በገባ ጊዜ ዘፈን አውራጇ አሮጊት ወደ ኋላ ተቀመጠች። በ2008 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ሲዛወሩ፣ ለቤት መሥሪያ ቦታና ለካሣ ጉዳይ ብዙ ተነጋግረናል፤ በደጋው ሣር ላይ በግ እየጠበቁና ገብስ እያረሱ ያረጁት ሰዎች፣ ያንን ኑሮ የወለደውን ዜማና የእጅ ሥራ በከተማ ውስጥ በየትኛው አደባባይ ይቀጥሉታል ብለን ግን አልተነጋገርንም።

አንዳንድ ወገኖች፣ «አረጋዊ የሚያስፈልገው እህልና መድኃኒት ነው፤ ኪነ ጥበብ የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው» ይሉኛል። እህልና መድኃኒት እንዲቀድም እኔም እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች እንዲህ የተለያዩ አይደሉም። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ ጂን ኮኸን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 80 ዓመት የሆነ አረጋውያን በባለሙያ በሚመራ መዘምራን ውስጥ ገብተው በቋሚነት ሲያዜሙ፣ ካልገቡት እኩዮቻቸው ይልቅ ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው፣ መድኃኒት መውሰዳቸውና መውደቃቸው አንሶ መገኘቱን ገልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከ3,000 የሚበልጡ ጥናቶችን መርምሮ፣ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሕሙማንን በመርዳትም ረገድ ድርሻ እንዳለው አስረድቷል። ብቸኝነት ሰውነትን ይጎዳል፤ የሚጠብቀው ሥራና የሚጠብቁት ሰዎች ያሉት አረጋዊ ግን ማለዳ የሚነሣበት ምክንያት አለው።

ዕድሜ ጥበብን ያደርቃል ለሚሉም ከራሳችን ወገን አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1950ዎቹ ዓመታት በጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በየደጁ የሚያድሩትን የአብነት ተማሪዎች ችግር አይተው፣ በፒያኖ የደረሷቸው ሙዚቃዎች ተቀርጸው ገቢው ለድሆች እንዲውል አደረጉ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው እንደ ገና ተሰብስበው ሲወጡ፣ ዕድሜያቸው 80 ካለፈ በኋላ ነው፤ ድርሰቶቻቸው በኖታ መጽሐፍ የታተሙት ወደ 90 ሲጠጉ ነው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስም በኢየሩሳሌም በገዳም ክፍላቸው ፒያኖ አልተለያቸውም። እንደ እርሳቸው ያለች እናት በዳባት ገጠር ብትኖር ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? የሚለው ጥያቄ ለእናንተ መሥሪያ ቤት የቀረበ ጥያቄ ነው።

የሕግም መሠረት አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41፣ በአንድ በኩል መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ፣ በሌላ በኩል የባህልና የታሪክ ቅርሶችን እንዲጠብቅና ለኪነ ጥበባት መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተጽፈው ሳለ፣ በአሠራራችን ግን አንዱ ለማኅበራዊ ጉዳይ፣ ሌላው ለባህል መሥሪያ ቤት ተከፍሎ፣ አረጋዊው ደራሲ በመካከል ቀርቷል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው ስለማይዳሰሱ ቅርሶች ጥበቃ የተደረገው ስምምነትም፣ ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን የጥበቃው ዋና ክፍል ያደርገዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የቅርስ ሕግ፣ ታላላቅ የእጅና የመድረክ ጠቢባንን በሕይወት ሳሉ የአገር ሀብት ብላ ሰይማ፣ ተተኪ እንዲያፈሩ በየዓመቱ ድጎማ ትሰጣቸዋለች፤ ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ1962 በራሷ ሕግ ተከትላታለች።

እንግዲህ በአቅማችን ሊሠራ የሚችለውን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ መዝገብ ይከፈት። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልደቱንና ሞቱን፣ ሕመሙንና ፍልሰቱን ቤት ለቤት እየተከታተለ ሲመዘግብ ኖሯል፤ የስሜን ተራሮች ፓርክም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2009 ዓ.ም. ሊወጣ የቻለው፣ ዋልያው ተቈጥሮ፣ ግጦሹ ተለክቶ፣ ዓመት በዓመት ክትትል ስለ ተደረገለት ጭምር ነው። ዋልያን መቍጠር የቻለ አገር ባለቅኔዎቹን መቍጠር አያቅተውም። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየቀበሌው ሄደው፣ ማን ሙሾ እንደምታወርድ፣ ማን በገና እንደሚደረድር፣ ማን ባና እንደሚሠራ በፈቃዳቸው ይመዝግቡ፤ ጥያቄውም «ድሮ ምን ይባል ነበር?» በሚለው ብቻ እንዳያበቃ፣ «አሁን ምን እየደረሱ ነው?» የሚለው ይጨመርበት።

ሁለተኛ፣ የመሰብሰቢያ ቤት ይሰጣቸው። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም፤ በደባርቅና በዳባት ካሉት አዳራሾች አንድ አንድ ክፍል፣ በየሳምንቱ በገበያ ቀን ይለቀቅላቸው። በዚያ ቀን አረጋውያኑ ለገበያ ከየቀበሌው ስለሚመጡ የተለየ መጓጓዣ አይፈልጉም። ክፍሉ እሳትና የሚቀመጡበት መደብ ይኑረው፤ የስሜን ውርጭና ጉም ለአረጋዊ ጉልበት አይራራምና። ስንደዶ፣ ክር፣ ወስፌ፣ የመሲንቆና የበገና አውታር ይዘጋጅበት፤ ከሁሉ በፊት ግን የንባብ መነጽር ይቅረብ፤ ብዙ እናቶች ስፌታቸውን የተዉት ጥበቡ ጠፍቶባቸው ሳይሆን የወስፌው ጫፍ አልታይ ብሏቸው ነውና።

ሦስተኛ፣ አዲስ ድርሰት የሚቀርብባቸው ሁለት የታወቁ ቀኖች በዓመት ይወሰኑ። ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድ በዓል ስለሆነ አንዱ በዚያ ይሁን፤ ሁለተኛው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአረጋውያን ቀን ብሎ የሰየመው በመስከረም 21 ቀን ገደማ ስለሚውል፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በዚያ ሰሞን ይደረግ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተፈናቅሎ የመጣውም የግጭ ሰውም እኩል ይጠራበት፤ የሚቀርበውም ሥራ በዚያ ዓመት የተደረሰ ወይም የተሠራ ይሁን።

አራተኛ፣ ዋጋና ስም ይከበርላቸው። ትምህርት ቤት ገብቶ ተረት፣ እንቆቅልሽና እንካ ስላንቲያ የሚያስተምር አረጋዊ፣ እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር አበል ይከፈለው፤ ጋቢ መሸለም የክፍያ ምትክ አይሁን። የአንዲት እናት ግጥም ወደ ከተማ ወርዶ በዘፋኝ አፍ ሲሰማ፣ በካሴቱም ሆነ በስልኩ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፍና ደራሲዋ ትረሳለች፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ግን የደራሲን ኤኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ይጠብቃል። ዩኒቨርሲቲው የሚቀዳው እያንዳንዱ ድርሰት የደራሲው ስም፣ ቀበሌና ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂውም ለቤተሰቡ ይሰጥ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። ወደ ተራራው የሚመጣው ጎብኚ የአረጋውያኑን ሥራ አይቶ ቢገዛ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አረጋውያኑ በጎብኚ ፊት በትእዛዝ የሚያለቅሱ፣ በትእዛዝ የሚፎክሩ የመድረክ ጌጥ እንዲሆኑ አልሻም። ሙሾ ለሐዘን፣ ምስጋና ለአምላክ፣ ፉከራ ለጀግንነት የተሰጠ ነው፤ ምን እንደሚቀርብ፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ መቼም ዝም እንደሚባል የሚወስኑት ራሳቸው አረጋውያኑ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ይሁኑ።

እናንተም ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አያቶቻችሁን ስለ ጥንቱ ብቻ አትጠይቋቸው፤ ስለ ትናንትናው ዝናም፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ እናንተ ስደት ግጠሙልን በሏቸው፤ ሲገጥሙም ስልካችሁን አስቀምጣችሁ አድምጡ። እናንተም አባቶቼና እናቶቼ፣ «እኔማ አርጅቻለሁ» በማለት የተሰጣችሁን መክሊት አትቅበሩ፤ የቤታችሁ ልጆች ባያዳምጡ የሚያዳምጥ ጎረቤት ፈልጉ፤ ያወጣችሁትን ዜማ ደብቃችሁ አትሙቱ።

ክቡራን ሆይ፤ የጠየቅሁት አንድ መዝገብ፣ ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ቀኖችና የታወቀ አበል ነው፤ ይህም ከዞኑ በጀት ብዙ የማይወስድ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። መምሪያው፣ ጽሕፈት ቤቶቹና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ የአረጋውያን ተወካዮችንም ጨምረው፣ ከሚመጣው ግንቦት 11 በፊት እንዲወስኑበት፣ ውሳኔውንም ለሕዝብ በይፋ እንዲገልጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደራሲዎቻችን በሕይወት አሉ፤ በሕይወት ሳሉ ይሰሙ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዳባት ተወላጅ፣ ጡረተኛ መምህር